ውሃ በ94 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ፦ የመኪናን ማቀዝቀዣ በቤት መንከባከብ

ጅማ ላይ ድስት የጣደ ሰው ሁሉ ልብ ሳይለው የሚያየው ነገር አለ፦ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ቀለል ይላል፤ ውሃም 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ለሽሮ ለውጥ የለውም፤ ባቄላ ቢሆን ትንሽ ያቆያል። ለመኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ግፊት መያዝ ካልቻለ ሞተሩ አንዳች ሳይጎድለው ውሃው ይፈላል።

ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙ ሰው ውሃ እንዳይፈስ የተደፈነ ቆርቆሮ ይመስለዋል እንጂ፣ ሁለት ቫልቭ ያለው፣ አቅሙ የተለካ ዕቃ ነው። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ 88 ወይም 108። በተለያየ መለኪያ ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ ክዳኑ ከውጪው አየር በላይ ስንት ግፊት እስኪጠራቀም ታግሦ እንደሚከፈት። ጅማ ላይ 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ሲገጠም ንጹሕ ውሃ 115 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከሞተ ግን ያው 94 ላይ ነው። የ20 ዲግሪ ልዩነት በአንዲት የጎማ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

«መኪናው ውሃ ይጠጣል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ከመርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ደጅ ስትመላለሱ አይታወቅም። የአዲስ አበባውን መንገድ ይዛችሁ በሰርቦና በአሰንዳቦ አልፋችሁ፣ ከአበልቲ ቁልቁል ጊቤ ድልድይ ስትወርዱም አይታወቅም። ድልድዩ ያለው 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወልቂጤ ደግሞ ከ1,900 በላይ። ስምንት መቶ ሜትር ያህል ዳገት፣ በበረሃ ሙቀት፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ጣሪያው ላይ ጭነት እየተሸከሙ። ደካማው ነገር ሁሉ የሚጋለጠው እዚያ ነው። ባለንብረቱ ከዚያ በኋላ ራዲያተር ያስቀይራል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያስከፍታል፤ ክዳኑን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ይታይ ነው የምንለው፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ስለሆነ ብቻ እንኳ።

ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈቱ። ክዳኑን ወደ ታች ተጭናችሁ ወደ ግራ አዙሩትና ገልብጡት። ከታች ያለው ትልቁ ጎማ በጥፍር ሲጫኑት ገባ ብሎ መመለስ አለበት። ጠርዙ ላይ ክብ ቦይ ከተቆፈረ፣ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ዕድሜው አልቋል። መሐሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ትንሽ ክብ ብረት አለች፤ በጥፍራችሁ ሳብ ስታደርጓት ትንሽ ተከፍታ ስትለቋት ጠብ ብላ መዘጋት አለባት። እሷ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከጎን ካለችው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከሪዘርቩ፣ ውሃ መልሳ የምታስገባዋ ቫልቭ ናት። ከተጣበቀች ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ባዶ ይስባል፤ ጠዋት የላይኛውን ቱቦ ተጨማዶ፣ ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ይህን ያየ ሰው ቱቦ ለመግዛት ይሮጣል፤ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ነው። በመጨረሻ ጎማው የሚያርፍበትን የራዲያተሩን አንገት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና በጣት ዳስሱት፤ ነጭ ጨው ወይም ጭረት ካለ አዲስ ክዳንም አይዝም።

ክዳኑ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ያለ መሣሪያ ለማወቅ በሪዘርቩ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። በቀዝቃዛ ሞተር ደረጃውን ያዙ፤ ነድታችሁ ስትመለሱ ከፍ ብሎ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ምልክቱ ወርዶ መገኘት አለበት። ሪዘርቩ ጢም ብሎ ራዲያተሩ ከጎደለ፣ ወይ ክዳኑ አይመልስም ወይ ሁለቱን የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ይስባል። ስትቀይሩ ያንኑ ቁጥር ግዙ። «ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል» ብሎ 0.9ኙን በ1.1 መተካት፣ አርጅቶ የተሰባበረውን የራዲያተር ፕላስቲክና የማሞቂያውን ቱቦ መፈተን ነው።

ከክዳኑ ቀጥሎ ብዙ የሚበደለው ቴርሞስታት ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ በውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ ያብጥና ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን ቫልቭ ገፍቶ ይከፍታል፤ ብዙዎቹ 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራሉ፣ 95 ላይ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታሉ። መኪና ሲሞቅ «አውጥተህ ጣለው፣ ለቆላ መንገድ አያስፈልግም» የሚል ምክር በየጋራዡ አለ። ይህ ምክር አንዳንድ ሞተር ላይ ጉዳቱ የነዳጅ ብክነትና የሞተር ቶሎ ማርጀት ብቻ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ዳገት ላይ ጭራሽ ያሞቃል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በእነዚህ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ከሥሩ ሁለተኛ ክዳን አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደው በር ሲከፈት፣ ይህ የታችኛው ክዳን ውሃው ራዲያተር ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ሜዳ ላይ ይበቃል፤ ጊቤ ላይ አይበቃም።

ቪትዝ ያላችሁ ይህን በዳሽቦርዱ ታውቁታላችሁ። ቪትዝ የሙቀት ጌጅ የለውም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ከመጠን በላይ ሲግል ቀይ ይበራል። ሰማያዊው ከተነሳችሁ ሩብ ሰዓት አልፎም ካልጠፋ፣ ወይም ከአበልቲ ቁልቁል ስትወርዱ ተመልሶ ከበራ፣ ቴርሞስታቱ ወይ ክፍት ቀርቷል ወይ የለም።

ቴርሞስታትን መፈተን የወጥ ቤት ሥራ ነው። ለምግብ የማይውል አሮጌ ድስት ውሃ ጥዳችሁ፣ ቫልቩ በተዘጋበት አፍ መሐል ክር አስነክሳችሁ ዕቃውን በክሩ አንጠልጥሉት። የድስቱ ሥር እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ቫልቩ ሲከፈት ክሩን ይለቅና ቴርሞስታቱ ይወድቃል። ቴርሞሜትር ካላችሁ ያ የሆነበት ዲግሪ ብረቱ ላይ ከታተመው ጋር ይቀራረብ። ከዚያ ይፍላ፤ ክፍተቱ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ መድረስ አለበት። እዚህ ላይ የጅማ ጉድ ይመጣል፦ ውሃችሁ ከ94 አያልፍም፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ሙሉ ክፍተትን በ95 ነው የሚለካው። ጥቂት ቢቀረው አትጣሉት። ስትመልሱት ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፤ ወደ ታች ከሆነች አየር ታስቀራለች። የጎማውን ቀለበት ግን በአዲስ ቀይሩ።

ውሃው ራሱ

ኩላንት፣ ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ፣ የበረዶ አገር ዕቃ ነው የሚለው ወሬ ከስሙ የመጣ ነው፤ «አንቲፍሪዝ» ሲባል እዚህ ምን ይሠራል ያሰኛል። እዚህ የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ እኩል በእኩል ሲደባለቅ የመፍያውን ነጥብ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛና ዋናው፣ ዝገት ይከላከላል። ባዶ ውሃ አሉሚኒየሙን ቴስታታ ይበላዋል፣ የብረቱን ብሎክ (የሞተሩን ዋና አካል) ያዝገዋል፤ የተነሳው ዝቃጭ ሄዶ የሚቀመጠው ከክብሪት እንጨት ብዙም በማይሰፋው የራዲያተር ቱቦ ውስጥ ነው። ለጅማ 40 በመቶ ኩላንት በቂ ነው፤ ከ30 ከወረደ የዝገት መከላከያው ይደክማል። ሳይበረዝ ኩላንቱን ብቻ መሙላትም ስህተት ነው፤ ኩላንት ከውሃ ያነሰ ሙቀት ስለሚሸከም ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል።

ጠርሙሱ ላይ ያልተበረዘ ነው ወይስ የተበረዘ የሚለውን አንብቡ። ቀለሙን አትመኑ። አረንጓዴውና ቀዩ ብዙ ጊዜ የተለያየ መከላከያ አላቸው፤ ሲደባለቁ ዕድሜያቸው ያጥራል፣ አንዳንዴም ይረጋሉ። ባለቀለም ውሃ ደግሞ በኩላንት ስም ሲሸጥ ማየት አዲስ አይደለም። እሱን የሚያጋልጠው ፍሪዘር ነው። ከገዛችሁት አንድ የቡና ስኒ ያህል በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሳትሞሉ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ድንጋይ ከሆነ ቀለም የነካው ውሃ ነው፤ እኩል የተደባለቀ እውነተኛ ኩላንት በቤት ፍሪዘር አይጋገርም። ጠርሙሱን ከዚያ በኋላ ጣሉት። ፈሳሹ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም ጥጃም ይልሰዋል፣ ሕፃንም።

ለመበረዝ የጉድጓድ ውሃ አትጠቀሙ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩም ውስጥ ይጋገራል። የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሻላል፤ ስትገዙ ግን አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። ጅማ ደግሞ ዝናብ አትነፈግም፦ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የወረደ የክረምት ውሃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ከተጠለለ፣ ለዚህ ሥራ ከቧንቧው ይመረጣል።

እጥበቱ ግማሽ ቀን ይወስዳል። አውቶሞቢል በብዛት ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛል፤ የናፍጣ ሚኒባስ እጥፉን ሊወስድ ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ተደርጎ፣ ሰፊ ሳፋ ከራዲያተሩ ሥር ይቀመጥ። ክዳኑን ክፈቱ፣ ከዚያ ከታች ያለውን የማፍሰሻ ቡሽ አላሉ። ፕላስቲክ ስለሆነ በፒንሳ አትታገሉት፤ እምቢ ካለ የታችኛውን ቱቦ ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ፈትታችሁ አውጡ። የወጣውን በጆግ ለኩ። መጽሐፉ 5 ሊትር ካለና የወጣው 3.5 ከሆነ፣ 1.5ቱ ብሎክና ማሞቂያ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ ይፈለጋል።

በንጹሕ ውሃ ሙሉና ሞተሩን በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ አሙቁ፤ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ሁለቱም እስኪሞቁ። ታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ገና አልተከፈተም፣ እያጠባችሁ ያላችሁት ግማሹን ብቻ ነው። አጥፉ፣ ይቀዝቀዝ፣ አፍስሱ። ጠርቶ እስኪወጣ ድገሙ፤ ችላ የተባለ መኪና አራት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ዝቃጩ ብዙ ከሆነ ሁለቱንም ቱቦ ፈትታችሁ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ከታች ወደ ላይ፣ ከተለመደው በተቃራኒ አጠቡት። ግፊቱ ለስለስ ይበል። የወጣው ነገር ወደ አዌቱ ወንዝ እንዳይሄድ፤ በጄሪካን ይሰብሰብና ከተቃጠለ ዘይት ጋር ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ።

አሁን ያ ቁጥር። 5 ሊትር ለሚይዝ መኪና 40 በመቶ ሲሰላ 2 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ነው። ሁለቱንም ሊትር መጀመሪያ ጨምሩ፣ ከዚያ የቀረውን በውሃ ሙሉ። ቀድሞ ውጪ በርዞ የሚሞላ ሰው ውስጥ የቀረውን 1.5 ሊትር ውሃ ይረሳዋል፤ 40 ያለው 28 ሆኖ ይቀራል።

አየር ካልወጣ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዛችሁ ጨመቅ ለቀቅ ስታደርጉ አንገቱ ላይ አረፋ ብቅ ይላል፣ ውሃው ሸርተት ይላል፤ እየተከታተላችሁ ሙሉ። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ እስኪያርፍ ጠብቁ፤ ባለ ቺንጋ (ሞተሩ በቀበቶ የሚያዞረው) ፋን ከሆነ የታችኛው ቱቦ ግሎ አረፋው እስኪቆም። ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ትኩስ ከሆነ ተሳክቷል። ዝጉት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ እዩት፤ ጥቂት መጉደሉ ደንብ ነው።

ፋን፣ ቺንጋ፣ ፓምፕ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋን ለመፈተን ኤሲውን ክፈቱ፤ በአብዛኛው መኪና ወዲያው ይነሳል። ካልተነሳ ፊውዙን እዩ፣ ከዚያ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ማብሪያ) በሳጥኑ ውስጥ ካለ አምሳያው ጋር አለዋውጡ። ተነስቶም በተቃራኒ የሚዞር አለ፤ ገመዱ ተለዋውጦ ሲታሰር። አንድ ሉክ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት አስጠጉ፦ መለጠፍ አለበት። ከገፋው ተገልብጧል። በሚኒባሶች ላይ ያለው ባለ ቺንጋ ፋን መሐሉ ላይ ፋን ክላች አለው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ትኩስ ሳለ በእጅ ስትገፉት ከበድ ብሎ መቆም አለበት። እንደ ብስክሌት ጎማ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ወይም መሐሉ ላይ ቅባት ያዘለ አቧራ ከተለጠፈ ሞቷል።

የራዲያተሩ ክንፎች መደፈን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ኤሲ ያለው መኪና ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ስላለው ቆሻሻው በሁለቱ መሐል ይጠቀጠቃል፤ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ነው። ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ ይረጭ። ላቫጆ ላይ ያንን ኃይለኛ ግፊት በቅርብ ማስያዝ ክንፎቹን እንደ ሣር ያስተኛቸዋል።

ቺንጋው በረጅሙ ክፍል መሐል በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። የውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ሆን ተብላ የተበጀች ናት። ከእሷ ጠብታ ወይም የደረቀ የኩላንት ቀለም ከታየ የውስጡ ማተሚያ አልቋል፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታም ይከተላል። ቀዳዳዋን በማስቲሽ መድፈን ውሃውን ወደ ኩሽኔታው መላክ ነው፤ ደፍነው የሚሸኙ አሉ።

እጃችሁን የምትሰበስቡበት

ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ ክፍት ራዲያተር ውስጥ አየሩ ከወጣ በኋላም አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ፣ የዘይቱ መለኪያ ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከታየ፣ ወይም ጭሱ ነጭና ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ በቴስታታውና በብሎኩ መሐል ያለው ማተሚያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሳይበላ አልቀረም። ቴስታታው መውረድና አለመጣመሙ በሚሊ ሜትር መቶኛ መለካት አለበት፤ ይህ የቤት ሥራ አይደለም። ፍሳሽ የሚደፍን ዱቄት፣ እንቁላል፣ በርበሬ እያሉ መጨመር የሚደፍነው ደህናውን የራዲያተርና የማሞቂያ ቱቦ ነው።

ዳገት ላይ ጌጁ ከመሐል ማለፍ ሲጀምር ኤሲ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ልቀቁ። ያቃጥላል፤ ግን ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ ነዳጅ አታስጨንቁ። ካልወረደ ጥግ ያዙ። እንፋሎት ካልወጣና ፋኑ የሚዞር ከሆነ ለሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፤ ድንገት ሲጠፋ ውሃው መዞር ያቆምና ቴስታታው ያለው ሙቀት እዚያው ይታፈናል። እንፋሎት ካለ ወይም ውሃ መሬት ላይ ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፉ።

ጌጁ ላይ ወጥመድ አለ። ሴንሰሩ ሙቀት የሚያነበው ውሃ ሲነካው ነው። ውሃው ተሟጦ ባዶ ላይ ሲቀር ሞተሩ እየነደደ መርፌው ወደ ቀዝቃዛ ሊወርድ ይችላል። ከላይ ቆይቶ በድንገት የወረደ ጌጅና ቀዝቃዛ አየር መንፋት የጀመረ ማሞቂያ በአንድነት ከታዩ፣ «ተሻለው» ብላችሁ አትቀጥሉ፤ ቁሙ።

ክዳኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትንኩ። 115 ዲግሪ ላይ ታፍኖ የቆየ ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ፊትና ክንድ የሚያቃጥለው እሱ ነው። የላይኛው ቱቦ ሲጨመቅ ከለሰለሰ በኋላ፣ ወፍራም ጨርቅ አጥፋችሁ ሩብ ዙር አዙሩና ትንፋሹ እስኪያልቅ እዚያው ያዙት። ረዳቱ ከወንዝ የቀዳውን ጄሪካን ይዞ ቢቸኩልም ብሎኩ ላይ አታስደፉ፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ እየሠራ ውሃውን በቀጭኑ፣ እየቆማችሁ ጨምሩ። የገባውን በሊትር ቁጠሩት። በመንገድ ውሃ የተሞላ ራዲያተር ኩላንቱ ስለተበረዘ፣ ጅማ ስትመለሱ ቁጥሩን ይዛችሁ የጎደለውን ኩላንት መልሱ፤ ከዚያ በፊት ግን ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩት።